የፍራሽ ጨርቅ

እናቴ በርሊን በገባች በማግስቱ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ስመለስ መስኮቱ ሥር ቆማ አገኘኋት። መንገዱን የምታይ መስሎኝ ነበር። የምታየው ግን መጋረጃውን ነው። ጫፉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ ታሸዋለች፤ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ወደ ብርሃኑ ታነሣዋለች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ፣

«ሜትሩን በስንት ገዛሽው?» አለችኝ።

መዋሸት አስቤ ነበር። «በ39 ዩሮ።»

«ስንት ሜትር?»

«9።»

በልቧ ወደ ብር ስትመነዝረው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሒሳቡን ስትጨርስ ጨርቁን ቀስ አድርጋ ለቀቀችውና ፈገግ አለች። የደስታ ፈገግታ አልነበረም፤ የንዴትም አይመስልም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የፍራሽ ጨርቅ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለዚያ ጨርቅ የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።

የምኖርበት ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከተሠሩት የበርሊን ሕንፃዎች አንዱ ነው። የእኔ ድርሻ 24 ካሬ ሜትር የሆነች አንድ ክፍልና ጠባብ ማዕድ ቤት ናት። ክፍሏ ግን ከተከራይዋ አቅም በላይ ትኮራለች። የጣሪያዋ ከፍታ 3 ሜትር ከ40 ነው። ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት ዙሪያውን በጂፕሰም የተቀረጸ ቅጠልና አበባ ይዞራል። በሩ ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ የእንጨቱ ወለል ሲረግጡት ያቃስታል።

በዚህች ክፍል አራት ዓመት ሙሉ የኖርኩት ነገ እንደሚነሣ ሰው ነው። ፍራሼ መሬት ላይ፣ መጻሕፍቴ በካርቶን፣ መስኮቱ ላይ የወረቀት መጋረጃ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የዶክትሬት ጽሑፌን ስጨርስ የት እንደምሄድ ስለማላውቅ ነው» እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ቤት ማሳመር ለሚቀር ሰው ነው የሚል ሐሳብ ውስጤ ተቀምጦ ነበር። መጋረጃ የሰቀለ ሰው መሄዱን ትቶታል። ደሴ ያለው ቤታችን እየጠበቀኝ እያለ እዚህ መጋረጃ መስቀል ክህደት መሰለኝ።

የእናቴ ቪዛ ሲመታ ግን ክፍሏን በእሷ ዓይን አየኋትና ደነገጥኩ። ልጇ ስድስት ዓመት ውጭ አገር ኖራ መሬት ላይ እንደምትተኛ ልታይ ነው። በአንድ ወር ውስጥ አልጋ ገዛሁ፤ መደርደሪያ አቆምኩ። ጎረቤቶች «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ወረቀት ለጥፈው መንገድ ዳር ካወጡት ዕቃ መካከል ክንዱ የእንጨት የሆነ አንድ አሮጌ ፎቴ አግኝቼ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከምኩት። ልብሱ አልቆ ውስጡ ይታያል፤ እንጨቱ ግን ደኅና ነበር። የቀረው ጨርቅ ነው፤ ለመስኮቱም ለፎቴውም።

አበባ ያለበት ጨርቅ አልፈለግሁም፤ አበባው ጣሪያው ላይ ሞልቷል። አንድ ቀለም ብቻ ያለውን ሞክሬ ክፍሏ የሐኪም ቤት መጠበቂያ መሰለች። ባለ መስመር ጨርቅ ስሰቅል ነገሩ ተለወጠ። ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ዓይንን ከወለል እስከ ጣሪያ ይወስዳል፤ የረጅሙን መስኮት ርዝመት ያወጣዋል፤ ከላይ ያለውን ጥምዝምዝ ቅርጽም ያሳርፈዋል። ችግሩ ቀለሙ ላይ ነው። ቀይና ነጭ ወይም ጥቁርና ነጭ ከሆነ ክፍሉ የሰርከስ ድንኳን ይሆናል፤ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው መስመር መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱ ቀለሞች ከተቀራረቡ ግን ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላሉ፤ መስመሩ የሚታየው ሲቀርቡ ነው። እኔ የመረጥኩት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ ወተት በመሰለ መደብ ላይ፣ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነው። የጨርቁ ወርድ 1 ሜትር ከ40 ስለሆነ ለአንዱ መስኮቴ ሁለት ወርድ ይበቃል፤ መስኮቱ 1 ሜትር ከ30 ነው፤ መጋረጃ ደግሞ የመስኮቱን እጥፍ ካልሆነ ተዘርግቶ የተሰጣ አንሶላ ይመስላል። ለመጋረጃው 7 ሜትር፣ ለፎቴው 2።

ግን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጨርቅ ከመግዛቱ በፊት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ሚሼል ፓስቱሮ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው፣ ስለ ባለ መስመር ጨርቅ ብቻ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አለ፤ ርዕሱ «የዲያብሎስ ጨርቅ» ነው። በመካከለኛው ዘመን ምዕራብ አውሮፓ ባለ መስመር ልብስ ከኅብረተሰቡ ዳር ከነበሩት ሰዎች ጋር እንደተያያዘ ያሳያል፦ ከሴተኛ አዳሪዎች፣ ከአዝናኞች፣ ከሰቃዮች። እ.ኤ.አ. በ1254 የቀርሜሎስ መነኮሳት ከመስቀል ጦርነት ከተመለሰው ከንጉሥ ሉዊ 9ኛ ጋር ፓሪስ ሲገቡ ባለ መስመር ካባ ለብሰው ነበርና ሕዝቡ ተሳለቀባቸው። መነኮሳቱ ግን የካባቸውን ነገር ወደ ነቢዩ ኤልያስ ይወስዱት ነበር። በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ለኤልሳዕ የጣለው መጎናጸፊያ እሳቱ በነካው በኩል ጠቁሮ ቀረ ይላሉ። ትውፊቱ አላዳናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1287 ካባውን ትተው ነጭ ለበሱ።

መስመር ለምን እንዲህ አስፈራ? የፓስቱሮ መልስ፣ የዚያ ዘመን ዓይን ማንኛውንም ነገር ከመደቡ ጀምሮ ወደ ላይ ያነብ ስለነበር ነው የሚል ነው። መስመር ላይ መደቡ የቱ፣ ጌጡ የቱ እንደሆነ አይለይም። ይህን ሳነብ የእኛ ሸማ ጥያቄውን ገና ከሽመናው እንደመለሰው አሰብኩ። መደቡ ነጭ ነው፤ መስመሩ ዳር ላይ ይቆማል፤ ስሙም ጥለት ነው። ዳር ላይ ስለሆነም ይናገራል፤ ጥለቱ ወደ አንገቷ የዞረ ሴት መንገድ ላይ ስታገኝ ሐዘን ላይ እንደሆነች ሳትጠይቅ ታውቃለህ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነገሩ ተገለበጠ። የተናቀው መስመር በአብዮቶቹ ዘመን የነፃነት ምልክትም የሳሎን ፋሽንም ሆነ። ከ1771 እስከ 1792 እ.ኤ.አ. በነገሠው በስዊድኑ ጉስታቭ ሣልሳዊ ስም የሚጠራው የቤት ውስጥ አሠራር፣ አመድማ ግድግዳና ፈዘዝ ያለ ባለ መስመር ጨርቅ ዛሬም ድረስ አብረው እንዲነሡ አድርጓል። ለእኔ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ፖትስዳም ነው። ሺንከል ከ1826 እስከ 1829 እ.ኤ.አ. የሠራው የሻርሎተንሆፍ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የአልጋው መጋረጃ ሁሉ ሰማያዊና ነጭ መስመር የሆነ፣ ድንኳን እንዲመስል የተደረገ ክፍል አለ። በባቡር ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ለእንግዳ የተሠራ ክፍል ነው። ንጉሣዊ ቤት ገብቶ ድንኳን ውስጥ የሚተኛ እንግዳ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ ተመለስኩ።

ጀርመን አገር መስመር ሌላም ትዝታ አለው። ከበርሊን በስተ ሰሜን ባለው በዛክሰንሃውዘንና በሌሎቹ የናዚ ማጎሪያ ካምፖች እስረኞች የሚለብሱት ሰማያዊና ነጭ ወይም ግራጫና ነጭ መስመር ነበር። ሱቅ ውስጥ ግራጫማ ሰማያዊ ናሙና አንሥቼ ወደ መስኮቱ ሳስጠጋው ትዝ አለኝና መለስኩት። ይህን ሁሉ አስቤና መዝኜ ነው አረንጓዴውን የገዛሁት።

ካነበብኩት ውስጥ ስለ ፍራሽም አንድ አንቀጽ ነበር። ላባው ወይም ገለባው እንዳይወጋ ጥቅጥቅ ተደርጎ በሰያፍ የተሸመነ ባለ መስመር ጨርቅ በአውሮፓ ለዘመናት የፍራሽና የትራስ ልብስ እንደነበረ፣ ዛሬ በየውዱ ሳሎን የምናየው ፈዛዛ መስመርም ብዙው ከዚያ እንደመጣ ይናገራል። አንቀጹን አንብቤዋለሁ። እንዲያውም በእርሳስ አስምሬበታለሁ። እናቴን ግን አላስታወሰኝም።

አባቴ ሲሞት እኔ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ በእግር የሚረገጥ አንድ ሲንጀር ነበራትና ደሴ ገበያ አካባቢ ፍራሽ ለሚሸጡ ሰውዬ የፍራሽ ልብስ ትሰፋ ጀመር። ጨርቁ ጥቅልል ሆኖ ይመጣል፤ ወፍራም፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ ሳይታጠብ እንደ ካርቶን የሚደርቅ። እሷ ሦስት ጎኑን ሰፍታ አንዱን ክፍት ትተዋለች። ጥጡን ነድፈው የሚሞሉት ሌሎች ናቸው፤ የተሞላውን ደግሞ አንዳንድ ቀን ሄዳ በጆንያ መርፌ ትዘጋዋለች። ማታ ስትመለስ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ብናኝ ጥጥ አለ። እንቅልፍ የሚወስደኝ በመኪናው ድምፅ ነበር። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ ጫማዬ ከዚያ መስመር የወጡ ናቸው።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪያችን በየተራ እያስነሣች የወላጆቻችንን ሥራ ጠየቀች። ከፊቴ ያለችው ልጅ «ነርስ» አለች። ሌላው «ሾፌር» አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና «ጸሐፊ» አልኩ። ቢሮ ውስጥ በታይፕ የምትጽፍ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ የምታደርግ ሴት ማለቴ ነው። ማንም አልሳቀም፤ አስተማሪዋም ጽፋ አለፈች። አምስተኛ ክፍል ስደርስ ስፖንጅ ፍራሽ ገበያውን ያዘውና የጥጡ ሥራ ቀዘቀዘ። እናቴ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ሲንጀሩ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቆመ። ውሸቴም ከእሱ ጋር የተቀበረ መሰለኝ።

ስለዚህ መስኮቱ ሥር ቆማ «የፍራሽ ጨርቅ ነው» ስትለኝ ቶሎ ብዬ ያልኩት ነገር የሚያሳፍር ነው። «አይ፣ ይሄ ሌላ ነው እማዬ፤ ይሄ የስዊድን አሠራር ነው» አልኳት። ስለ ንጉሥ ጉስታቭም አነሣሁላት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ሽመናውን አየሽው?» አለች ስጨርስ። «ሰያፍ ነው። መስመሩ ድሩ ላይ ነው። ይሄን ጨርቅ በጨለማ ዳብሼ አውቀዋለሁ። ቀለሙን ብቻ አፍዝዘውታል።» ትንሽ ዝም አለችና ጨመረችበት፦ «መቼስ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ስለ ጨርቅ ምን አውቃለሁ።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ።

ለካስ በዚያው ዓመት የወላጆች ቀን ላይ አስተማሪዋ «እርስዎ የየትኛው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነዎት?» ብላ ጠይቃት ነበር። እናቴም ነገሩ ወዲያው ስለገባት የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ጠርታ ተመለሰች። ያን ቀን ቤት ስትገባ ምንም አላለችኝም። ሃያ አምስት ዓመት ምንም አላለችኝም። እኔ ስዋሽ አብራኝ ዋሽታልኛለች።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አወዛወዘችው። «ተይው። ጸሐፊስ አንቺ ሆነሽ የለ» አለችና ወደ መጋረጃው ተመለሰች። «ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ፤ በተዋስኩት መኪና።»

«ያስታውቃል።»

ያን ቀን መጋረጃዎቹ ወረዱ። ስህተቴን አንድ በአንድ አሳየችኝ። የቆረጥኩት የጠረጴዛውን ጠርዝ ተከትዬ እንጂ ማጉን ተከትዬ ስላልነበረ እጥፋቱ ሰያፍ ሄዷል፤ መስመር ባይኖረው ማንም አያውቅም ነበር፤ መስመር ግን ያጋልጣል። ሁለቱ መጋረጃዎች መሐል ላይ የሚገናኙበት ዳርም በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ስለሆነ ሲዘጉ አረንጓዴ ከአረንጓዴ ተጋጥሞ አንድ ሰፊ መስመር ይሠራል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያየሁት አላየሁትም። ስፌቱን ተረተረች፤ የአንዱን ዳር በአንድ መስመር ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ ነጭ ከአረንጓዴ ገጠመ። ምልክት ለማድረግ የልብስ ሳሙና ስብርባሪ ጠየቀችኝ። የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙሴን ሳሳያት ከልቧ ሳቀች።

ቀጥሎ ፎቴው መጣ። እኔ አሮጌው ልብስ ላይ ደርቤ ልለጥፈው ነበር ያሰብኩት። እሷ ትንንሾቹን ምስማሮች በቢላ እየፈለቀቀች አሮጌውን ጨርቅ ሳይቀደድ አወጣችው፤ ለመቁረጫ ልክ ይሆናል። ሥሩ የፈረስ ጭራ ነበር። እጇን ሰድዳ ጨበጥ ለቀቅ አደረገችውና «ጥጥ እንዲህ አይመለስም» አለች በአክብሮት። ከዚያ አዲሱን ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘርግታ በጉልበቷ ተንበረከከች። ከመስመሮቹ አንዱን መረጠችና በጀርባው መሐል አስተካክላ፣ በመቀመጫው ላይ አውርዳ፣ ከፊት ባለው ጠባብ ክፍል ሳይሰበር እስከ እግሩ ድረስ እንዲወርድ አደረገችው። ሦስት ቁራጭ ጨርቅ አንድ ፏፏቴ መሰለ።

«ፍራሽም እንዲሁ ነው» አለችኝ። «የላዩ መስመር ከጎኑ ጋር ካልገጠመ ሰውዬው ይመልስብኝ ነበር። ከመሐል ከጀመርሽ ዳሩ ግራና ቀኝ እኩል ይወጣል። ከዳር ከጀመርሽ ግን አንዱ ጎን ይጎድላል።»

ቀለሙን ግን አልወደደችውም፤ እስከ መጨረሻውም አልወደደችውም። «አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን ያረጀ አስመሰሉት?» እያለች ደጋግማ ጠይቃኛለች። የደሴው መጋረጃችን ደማቅ ብርቱካናማ ነበር። ፀሐይ ሲበላው እናቴ ለእንቁጣጣሽ አውርዳ ገልብጣ ትሰፋው ነበር፤ ያልነጣው ፊቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን። ፀሐይ የበላው ጨርቅ ለእሷ እንግዳ እንዳያየው የሚገለበጥ ጉድ ነው። እኔ ያንኑ ፀሐይ የበላው ቀለም ሜትሩን በ39 ዩሮ ገዝቼ እንግዳ እንዲያየው ሰቀልኩት። የጥናት ጓደኞቼ ቤት ያየሁት «የተረጋጋ» ቀለም ለምን እንደሚያምረኝ ከዚያ በፊት ጠይቄ አላውቅም። ድህነትን ሸሽቶ ያልመጣ ሰው ፍዝ ነገር ይወዳል፤ የሸሸ ሰው ብልጭታ ይፈልጋል። እኔ የትኛው ነኝ? እናቴ ከሻንጣዋ ለፎቴው ራስጌ ብላ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አውጥታ ስትዘረጋው መልሱን ለማወቅ ፈራሁ። ዳንቴሉ መስመሮቹን ይሸፍናል። ክፍሌ ውስጥ እንዲታይ ያልፈለግሁት ዓይነት ነገር ነው። እሷም አየችኝ። ለአፍታ ያህል ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር።

«ይሁን» አልኳት። ዳንቴሉ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ለፎቴው እንደማይስማማው አውቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ የማንሣት ፍላጎት ያድርብኛል፤ አላነሣውም።

ሊያልቅ የነበረው ሦስት ወሯ አለቀ። ከሄደች በኋላ ወለሉን ስጠርግ ፎቴውን ገልብጬው ከሥሩ፣ ከኋላ በስተቀኝ ያለው ማዕዘን ላይ፣ በቀይ ክር የተሰፉ ሦስት አጫጭር ስፌቶች አየሁ። የተቀደደ ነገር የለም፤ የሚይዙትም ነገር የለም። ደውዬ ጠየቅኋት።

«ውይ፣ አየሽው? ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች። ለሰውዬው የሚሰፉት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ክፍያው በቁጥር ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቆጠር የአንዷ ከሌላዋ እንዳይቀላቀል እያንዳንዳቸው ምልክት ነበራቸው። የእናቴ ምልክት ሦስት ቀይ ስፌት ነው። በደሴና በዙሪያዋ ስንት ሰው ተኝቶበት እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ወር አብራኝ የምትማር አንዲት ጀርመናዊት ቡና ልትጠጣ መጥታ ፎቴው ላይ ተቀመጠች። ክንዱን እየዳሰሰች፣ መስመሩ ከጀርባው እስከ እግሩ ሳይሰበር መውረዱን በጣቷ ተከትላ፣ የት እንዳሠራሁት ጠየቀችኝ፤ እሷም የምታሠራው ወንበር አላት።

«እናቴ ናት የሠራችው» አልኳት። «ፍራሽ ሰፊ ነበረች።»

ፍራሽ እንዴት እንደሚሰፋ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ ስለ ሰያፉ ሽመና፣ ስለሚነደፈው ጥጥ፣ ክፍት ስለሚተወው አራተኛ ጎን። ቡናው ቀዘቀዘ። የማላውቀው ብዙ ነገር እንዳለ የገባኝ ስናገር ነው፤ እሷን ሸኝቼ ደሴ ደወልኩ።